በሐይቅ በር ላይ የተቀመጡ ከተሞች

ጄኔቫ የሚለው ስም ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ከሁሉ አስቀድሞ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም.ን ያስታውሳል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው በመርዝ ጋዝ ስለሚያልቀው ሕዝባቸው አቤት ያሉት በዚያች ከተማ ነው። ማኅበሩ ቃሉን አልጠበቀም። ከዚያ ቀን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ግን ያችው ከተማ የገባችበት ሌላ ውል ነበር። ነገሩ የጦርነትና የሰላም አልነበረም፤ የሌማን ሐይቅ ውኃ ከየት እስከ የት ከፍና ዝቅ ይበል የሚል ብቻ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1884 የተፈረመው ያ ውል (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተፈቀደውን ልዩነት 60 ሳንቲ ሜትር አደረገው። ከክንድ ትንሽ የሚያልፍ ነው። በየጊዜው እየታደሰ ዛሬም ይሠራበታል። የሮን ወንዝ ጄኔቫን፣ የሊማት ወንዝ ዙሪክን እንዴት አድርጎ እንደቀረጸ ለመረዳት መነሻ የሚሆነን ይህ ከክንድ ብዙም የማያልፍ ጉዳይ ነው። ወንዝ ለከተማ ውበት ይሰጣል፣ ድልድይ ያሠራል፣ ነፋሻ መናፈሻ ያበጃል፤ ይህን ማንም ያውቀዋል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ከላይ ካለው ጎረቤትና ከታች ካለው ጎረቤት ጋር ሒሳብ እንድትተሳሰብ ከተማዋን ማስገደዱ ነው። ዛሬ ጎብኚ የሚደነቅበት ጥራት የዚያ ሒሳብ ውጤት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለቱ ከተሞች የተቀመጡበት ቦታ ለባሕር ዳር ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ ላይ ባሕር ዳር እንደተቆረቆረች ሁሉ፣ ሮን ከሌማን ሐይቅ በሚወጣበት አፍ ላይ ጄኔቫ፣ ሊማት ከዙሪክ ሐይቅ በሚወጣበት አፍ ላይ ዙሪክ ተቆርቁረዋል። ከዚያ ወዲያ መንገዳቸው ይለያያል። ሮን ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ ሜዲትራኒያን ይገባል፤ ሊማት በአሬና በራይን ወንዞች በኩል ሰሜን ባሕር ይደርሳል። የሐይቅ አፍ ለከተማ የሚመረጥበት ምክንያት ቀላል ነው፦ ሰፊው ውኃ የሚጠብበት ቦታ ስለሆነ ድልድይ የሚዘረጋው እዚያ ነው፤ ድልድይ ካለ ነጋዴ አለ፤ ነጋዴ ካለ ቀራጭ አለ። ሮማውያን ዙሪክ ላይ የቀረጥ ኬላ ነበራቸው። ጄኔቫ ደግሞ በጽሑፍ ታሪክ ውስጥ የገባችው በዚሁ ድልድይ ሰበብ ነው፤ ዩልየስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ58 ሄልቬቲ የተባሉት ሕዝቦች እንዳይሻገሩ ብሎ በሮን ላይ የነበረውን ድልድይ አፈረሰው፤ ይህንንም ራሱ ጽፎታል። የሐይቅን አፍ የያዘ ሰው በሩን የመክፈትም የመዝጋትም ሥልጣን ይይዛል ማለት ነው። ክርክሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት የጄኔቫ ሰዎች በወንዙ አፍ ላይ ያላስቀመጡት ነገር አልነበረም። የውኃ መሳቢያ መሣሪያ ነበር፣ መንኰራኵር ነበር፣ ማገጃ ነበር፣ የድልድይ እግር ነበር። ይህ ሁሉ ወንዙን ሲያንቀው ሐይቁ ወደ ኋላ እየሞላ በላይኛው ዳርቻ ያሉትን የቮ ካንቶን (የስዊዘርላንድ ክፍለ ግዛት) መንደሮች ያጥለቀልቅ ጀመር፤ ቢያንስ የቮ ሰዎች ክሳቸው ይህ ነበር። በ1877 ጄኔቫን ፍርድ ቤት ገተሯት። ሙግቱ ሰባት ዓመት ፈጀ። መጨረሻው አሸናፊና ተሸናፊ የሚለይበት ፍርድ ሳይሆን ቮ፣ ቫሌና ጄኔቫ የተፈራረሙት ያ የ1884ቱ ውል ሆነ። ጄኔቫ የወንዙን አልጋ ልትጠርግና ውኃውን በሥርዓት የሚለቁ በሮች ልትሠራ ግዴታ ገባች፤ በለውጡም በወንዙ ኃይል የመጠቀም መብቷ ጸና። ሥራውን የመራው ቴዎዶር ቱሬቲኒ የተባለ መሐንዲስ ነው። ከ1995 ወዲህ የሮን መውጫ የሚታዘዘው ሴዡዬ በተባለው ማገጃ ነው፤ በዚያ ያሉ ሰዎች በር ከፍና ዝቅ ባደረጉ ቁጥር የሦስት ካንቶን ነዋሪ ይነካሉ፤ ከሐይቁ ማዶ ያለውን ፈረንሳዊም እንዲሁ። ከውሉ ዝርዝር ልብን የሚነካው አንድ ነገር አለ። በየአራት ዓመቱ ፌብሩዋሪ 29 ቀን በሚኖረው ዓመት የጸደይ ወራት ሲቃረብ ሐይቁ ከሌላው ጊዜ ዝቅ እንዲል ይደረጋል፤ ዳርቻ ላይ ያሉ ሰዎች የጀልባ ማቆሚያቸውንና ግንባቸውን በደረቅ እንዲጠግኑ። አንድ ሙሉ ሐይቅ ግንብ ለሚጠግን ሰው ሲባል ዝቅ ይላል።

ውሉ የሰጠው መብት ከተማዋን እንዴት እንደለወጣት የሚታየው ኩሉቭርኒየር በተባለው ሰፈር በኩል፣ ሮን መካከል በተገነባው ረጅም የድንጋይ ሕንፃ ነው። በ1886 ሥራ የጀመረ ሲሆን በውስጡ የነበሩት ተርባይኖች የወንዙን ውኃ በከፍተኛ ግፊት በቧንቧ ወደ ከተማው ይገፉ ነበር። ኤሌክትሪክ ገና ባልተስፋፋበት በዚያ ዘመን ሰዓት ሠሪው፣ ወርቅ አንጣሪው፣ ባለ ትንሽ ወርክሾፑ ሁሉ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው በዚህ ግፊት ነበር። ማታ ሠራተኛው ማሽኑን ዘግቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ግን ችግር ይፈጠራል። የሚጠቀም ሰው ስለሌለ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት በአንድ ጊዜ ያሻቅባል። መሐንዲሶቹ ትርፉን የሚያስተነፍስ ቀዳዳ አበጁለት፤ ውኃውም 30 ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ይተኮስ ጀመር። የከተማው ሰው ያ ፍንጣቂ ሲወጣ ባየ ጊዜ የሥራ ቀን ማለቁን ያውቅ ነበር። በ1891 ለበዓል ማድመቂያ ተብሎ ወደ ሐይቁ ዳር ተዛወረ። ዛሬ በፖስታ ካርድ ላይ የምናየው፣ በየሰከንዱ 500 ሊትር ውኃ 140 ሜትር ድረስ የሚወረውረው የጄኔቫ ፏፏቴ መነሻው ይኸው ነው፤ የሰዓት ሠሪዎች ማምሻ።

ዙሪክ ትምህርቷን የወሰደችው በሙግት ሳይሆን በሞት ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው ተረት በ1867 ለዙሪክ በደንብ ይሠራ ነበር። ሐይቁ ከፊቷ፣ ሊማት በመካከሏ፣ ዚል የተባለው ሌላ ወንዝ በጎኗ እያለ ኮሌራ ገባባትና ወደ 500 የሚጠጋ ሰው ገደለ፤ በብዛት ያለቁት ተጨናንቀው የሚኖሩት ድሆች ነበሩ። መሐንዲሱ አርኖልድ ቡርክሊ ከተማዋን ከሥር የሚያጥበውን የፍሳሽ መስመር እንዲዘረጋ የተደረገው በዚያ ዘመን ነው። ግማሽ መፍትሔ መፍትሔ አለመሆኑም ቶሎ ታየ። ከሊማት እየተሳበ የሚጠጣው ውኃ በበቂ ባለመጣራቱ በ1884 የአንጀት ተስቦ ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ ነው የመጠጥ ውኃው ከወንዙ ቀርቶ ከሐይቁ ጥልቅ ክፍል እንዲሳብና በደንብ እንዲጣራ የተደረገው። ያም ሆኖ ፍሳሹ ወደ ሊማት መግባቱን አላቆመም። ቬርድሆልትስሊ የተባለው የማጣሪያ ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1926 ነው፤ ከኮሌራው 59 ዓመት በኋላ። አንድ ከተማ የራሱን ጥማት ለመቁረጥ ይቸኩላል፤ ከታች ያለው ሰው ስለሚጠጣው ለማሰብ ግን ሁለት ትውልድ ይፈጅበታል። የዙሪክ ታሪክ ይህን ሳይሸፍን ያሳያል።

እዚህ ላይ ማንም አንባቢ የሚያነሣው መከራከሪያ አለ፦ ሀብታም አገር ናቸዋ! ገንዘብ ካለ ወንዝ ማጽዳት ምን ይገዳል? መከራከሪያው ቀላል አይደለም፤ ማጣሪያ ጣቢያ ያለ ገንዘብ አይቆምም። ነገር ግን የጊዜውን ቅደም ተከተል ስናይ ነገሩ ይገለበጣል። ስዊዘርላንድ የበለጸገችው ወንዞቿ ከመጽዳታቸው በፊት ነው፤ እንዲያውም በበለጸገች ቁጥር ወንዞቿ ይበልጥ ቆሸሹ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካው በዛ፣ ሽንት ቤቱ ሁሉ በውኃ የሚለቀቅ ሆነ፣ የዱቄት ሳሙና በየቤቱ ገባ፤ በ1965 ፍሳሹ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ የሚሄድለት ሰው ከመቶ 15 ገደማ ብቻ ነበር። ባንኩና የሰዓት ፋብሪካው ግን በዚያን ጊዜም ነበሩ። በ1963 ሀብታም የበረዶ ተንሸራታች በሚያዘወትራት በዜርማት የአንጀት ተስቦ ተነሥቶ አገሩን አስደነገጠ፤ ገንዘብ ብቻውን ምን እንደማያደርግ ከዚያ ይታያል። ለውጡ የመጣው ከሕግ ነው። በ1953 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ውኃን መጠበቅ በሕገ መንግሥቱ እንዲገባ አደረገ። ሕጉ ጥርስ እንደሌለው ሲታይ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ፊርማ አሰባስቦ ጠንካራ ሕግ ይውጣ ብሎ ተነሣ፤ የ1971 ሕግ የዚያ ግፊት ውጤት ነው። ሌማን በ1970ዎቹ መጨረሻ በፎስፈረስ ታፍኖ ነበር፤ ፎስፈረስ ለአልጌ ማዳበሪያ ነው፣ አልጌ ሲበሰብስ ደግሞ የዓሣውን አየር ይበላል። በ1986 ፎስፌት በልብስ ማጠቢያ ሳሙና ውስጥ እንዳይገባ ተከለከለ። ዛሬ ከመቶ ሰው የ97ቱ ፍሳሽ ይጣራል። ፎስፈረሱ ወርዷል፤ ዙሪክም ሆነ ጄኔቫ አብዛኛውን የመጠጥ ውኃቸውን የሚቀዱት ከሐይቆቻቸው ነው። ገንዘቡን ያወጣው ሕግና ግዴታ እንጂ ገንዘቡ በራሱ ጊዜ ወደ ወንዙ አልሄደም።

ሌላው መከራከሪያ ተፈጥሮ ነው፦ ከአልፕስ በረዶ ቀልጦ የወረደ ውኃ ምን ይቆሽሻል? ለዚህ መልሱ በጄኔቫ ምዕራብ፣ መገናኛ በሚል ስም በሚጠራው ሰፈር ጫፍ ላይ ይታያል። ከዚያ ካለው ከፍ ያለ የባቡር ድልድይ ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚያይ ሰው ሁለት ወንዝ ጎን ለጎን ሲሄድ ያያል። በአንድ በኩል ሮን፣ በሐይቁ ውስጥ አቧራውን አስቀምጦ የወጣ፣ አረንጓዴ ሰማያዊ ሆኖ ወለሉ የሚታይ። በሌላ በኩል አርቭ፣ ከሞን ብላን የበረዶ ግግር ሥር በቀጥታ የመጣ፣ የተፈጨ አለት የያዘ፣ ሻይ በወተት የመሰለ። ቶሎ አይቀላቀሉም፤ መስመር የተሰመረባቸው ይመስል ብዙ ርቀት አብረው ይጓዛሉ። የሁለቱም እናት ያው የአልፕስ በረዶ ነው። አርቭን ጄኔቫ የተጠቀመችበት መንገድ ደግሞ ለክርክሬ ጥሩ ምስክር ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ጄኔቫና የፈረንሳይ ጎረቤቶቿ ከሥራቸው ያለውን የከርሰ ምድር ውኃ ሁለቱም እየሳቡት ደረጃው አሽቆለቆለ። ድንበር ከላይ ይሰመራል እንጂ ከመሬት በታች ለሚሄድ ውኃ አይሰመርም። በ1978 የጄኔቫ ካንቶንና የፈረንሳዩ ኦት ሳቯ ተዋዋሉ፤ የአርቭ ውኃ ተጣርቶ ወደ መሬት ውስጥ እየሰረገ የጎደለውን እንዲሞላ፣ ወጪውንም ሁለቱ እንዲካፈሉ። በ2008 ውሉን አድሰውታል። ከ1884ቱ ጋር ስናስተያየው አንድ ልማድ ይታያል፤ የመጀመሪያው ሙግት ያስተማራቸውን ሁለተኛው ላይ ፍርድ ቤት ሳይቆሙ ሠሩበት።

ወንዝ ከከተማ ጋር ያለው ግንኙነት ሁልጊዜ የሚያኮራ አልነበረም። ዙሪክ እምነቷንም ጭካኔዋንም በሊማት ላይ አኑራለች። የከተማዋ ጠባቂ የሚባሉት ፊሊክስና ሬጉላ በትውፊቱ ከላይኛው ግብፅ ከቴብስ የመጡ ወንድምና እኅት ናቸው፤ የተሰየፉት በወንዙ መካከል በነበረች ደሴት ላይ እንደሆነ ይነገራል፤ ቫሰርኪርኼ፣ የውኃ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው፣ እዚያው ላይ ቆማለች። የግብፅ ሰማዕታትን ስም በየዓመቱ ለሚያነሣው የእኛ ምእመን ይህ የቅርብ ዘመድ ወሬ ነው። በዚያው ወንዝ ግን ጥር 1527 የከተማው ሹማምንት ፊሊክስ ማንዝ የተባለውን ሰው እጁን አስረው አሰጠሙት፤ ጥፋቱ ያመነ ሰው እንደገና ይጠመቅ ማለቱ ነበር። ወደ እኛ ዘመን ስንመጣም ዚልና ሊማት የሚገናኙበት የፕላትስሽፒትስ መናፈሻ በ1980ዎቹ መጨረሻ የአደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚዎች በግልጽ መርፌ የሚወጉበት ስፍራ ሆኖ ነበር። በ1992 ሲዘጋ ሰዎቹ ከወንዙ ትንሽ ወረድ ብለው ወደ ሌተን ሄዱ፤ ያም በ1995 ተዘጋ። አሁን ያ የሌተን ዳርቻ በበጋ ሠራተኛው ከቢሮ ወጥቶ ቦርሳውን አስቀምጦ ዘሎ የሚገባበት መዋኛ ነው፤ መግቢያውም በነፃ ነው። ፖሊስ ብቻ አላዳነውም፤ ለሱሰኛው ሕክምና ተዘጋጅቶለት ነበር።

ነቃፊ ደግሞ ዛሬም ሥራው አላለቀም ቢል ልክ ነው። ከጄኔቫ በታች ያለው የቬርብዋ ግድብ ከ1943 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ አርቭ የሚያመጣው ደለል ግን ይሞላዋል። ደለሉን ለማጠብ ግድቡን በየጊዜው ባዶ ማድረግ ነበረባቸው፤ በጭቃ የታፈነው ዓሣ ከታች ያልቅ ነበር። ከ2012 ወዲህ ሙሉ በሙሉ ባዶ ከማድረግ ይልቅ በከፊል ዝቅ እያደረጉ ነው። ዙሪክ ዋና ባቡር ጣቢያዋን የሠራችው በዚል ወንዝ ላይ ነው፤ ከላይ ባቡር፣ በመካከል ወንዝ፣ ከሥር ሌላ ባቡር። ትልቅ ጎርፍ ቢመጣ የአገሪቱ ዋና ጣቢያ ይሰጥማል የሚል ስጋት አለ፤ ለዚህም የዚልን ጎርፍ ወደ ዙሪክ ሐይቅ የሚያስተነፍስ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዋሻ መቆፈር ግድ ሆነ። ጄኔቫም ድሮ ቀጥ ባለ ቦይ ያሰረችውን የኤር ወንዝ መልሳ ፈትታዋለች። አሠራሩ የሚገርም ነው፤ መሐንዲሶቹ ለወንዙ አዲስ አልጋ አልሳሉለትም። መሬቱን እንደ ድፎ ዳቦ ቆራርጠው በትናንሽ ጉብታ ከፋፈሉትና ውኃውን ለቀቁት፤ በጉብታዎቹ መካከል መንገዱን ወንዙ ራሱ መረጠ።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያገባናል የሚል ሰው ቢኖር፣ በሁለቱ አገሮች መካከል የቆየ የውኃ ዝምድና እንዳለ ላስታውሰው እወዳለሁ። የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ምሕንድስናን የተማረው ከሊማት በላይ ባለው በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ነው፤ ለአዲስ አበባው ቤተ መንግሥት የቧንቧ ውኃ ያስገባው እሱ ነበር፤ በ1916 ያረፈውም በዙሪክ ነው። ቧንቧው ደረሰን። ውሉ ግን አብሮት አልመጣም። የባሕር ዳርን ጉዳይ እንመልከት። በ1996 የተሠራው የጨረጨራ ማገጃ ለጣና የሴዡዬ አቻ ነው፤ ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ የሚለቀቀውን ይወስናል። ጢስ ዓባይ ላይ ለሚመነጨው ኤሌክትሪክ አገልግሏል፤ ጥቅሙም የአገር ነው። ነገር ግን የጢስ እሳት ፏፏቴ ውኃ ሳሳ። በ2003 ዝናብ ሲያንስና ለኤሌክትሪክ የሚለቀቀው ሳይቀንስ ሲቀር የጣና ውኃ ሸሸ፤ ጀልባዎች ተቸገሩ፤ ውኃው ለቆ የሄደውን መሬት ገበሬዎች አረሱት። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ ጣቢያ በሌላ በኩል በዋሻ ይወስዳል። ከ2011 ወዲህ እምቦጭ መጥቷል። የደንገል ታንኳ ቀዛፊው፣ የፎገራ ሩዝ ገበሬ፣ ዓሣ አስጋሪው፣ የደሴት ገዳማቱ መነኮሳት፣ የፏፏቴው አስጎብኚ፣ መብራት የሚፈልገው ከተሜ፣ ሁሉም ከአንድ በር ይጠብቃሉ።

እኛ ድሆች ነን፣ ቅድሚያችን መብራትና እንጀራ ነው የሚል መልስ ይሰማል። ችግሩን አላቃልለውም። ነገር ግን የ1884ቱ ውል የተፈረመው ስዊዘርላንዳውያን በድህነት ምክንያት ወደ አሜሪካ ይሰደዱ በነበረበት ዘመን ነው፤ ጄኔቫም ኃይሉን የፈለገችው ለሥራና ለእንጀራ ነበር። ውሉ ኃይሉን አልከለከላትም፤ ወሰን አበጀለት፣ ወሰኑንም ጎረቤት ሁሉ እንዲያውቀው አደረገ። ዛሬ በሌማን ዳር ያለ ግንብ ጠጋኝ ሐይቁ የሚወርድበትን ወቅት ከአራት ዓመት በፊት ያውቀዋል፤ ለግንቡ የሚሆነውን ድንጋይና ሲሚንቶ አስቀድሞ ይገዛል። የዘጌ ታንኳ ቀዛፊና የፎገራ ገበሬም የጨረጨራ በሮች መቼና ምን ያህል እንደሚከፈቱ እንደዚያው አስቀድመው የሚያውቁበት፣ ሲወሰንም የሚጠየቁበት ውል ሊኖራቸው ይገባል፤ እሱን ለመጻፍ ደግሞ ግድብ መሥራትም ሆነ ዋሻ መቆፈር አያስፈልግም።